የነጻውን ትምህርት ሒሳብ ማን ይከፍላል?

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ሉዊስ ቮን አን የሚባል የጓቲማላ ወጣት አሜሪካ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እንግሊዝኛ እንደሚችል በፈተና ማስመስከር ነበረበት። ፈተናው ቶፍል ነው። በአገሩ ያሉት የመፈተኛ ቦታዎች ተይዘው ስላለቁ ድንበር ተሻግሮ ኤል ሳልቫዶር ሄደና ተፈተነ። ጣጣው ሁሉ ተደምሮ ከ1000 ዶላር በላይ እንዳስወጣው ከጊዜ በኋላ በየመድረኩ ተናግሯል። ሐኪም እናቱ ያሳደገችው ብቻዋን ነበር፤ ከምታገኘው ገንዘብ የሚበዛውን ያዋለችውም ልጇን ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ለማስተማር ነው። እንግሊዝኛ የሚችልና የማይችል ሰው ኑሮው ምን ያህል እንደሚለያይ እያየ ያደገ ልጅ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የፈተና ክፍያ በዶላር ስለሚጠየቅ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመዱ በካርዱ እንዲከፍልለት የሚማጠን ተመራቂ ዛሬም በየሰፈሩ ይገኛል። ቋንቋ መማር ድሮም ገንዘብ ይፈልጋል፤ ለትምህርት ቤቱ፣ ለመምህሩ፣ ለመጽሐፉ፣ ለካሴቱ። የዘመኑ ለውጥ የታየው እዚህ ላይ ነው። ስልክና ትንሽ ዳታ ያለው ሰው በዓለም ላይ በብዛት የሚነገሩትን ቋንቋዎች ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ሳይከፍል መማር ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊቃለል አይገባም። ግን ነጻ የተባለው ሁሉ ሒሳቡ አንድ ቦታ ይከፈላል፤ ትምህርቱም እንደ ልብስ በከፋዩ ልክ ይሰፋል። ልኩ የማን እንደሆነ ያወቀ ተማሪ የቱ እንደሚሆነው፣ የቱ እንደሚያጥረው፣ የጎደለውን ከየት እንደሚሞላ ራሱ ይወስናል።

ቮን አን ዱዎሊንጎ የተባለውን መተግበሪያ የጀመረው በፒትስበርግ ከተማ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ከስዊዘርላንዳዊው ተማሪው ከሰቨሪን ሃከር ጋር ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በጁን 2012 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቮን አን ከዚያ በፊትም ስሙ የታወቀ ነበር። ድረ ገጾች ሰውን ከኮምፒዩተር ፕሮግራም ለመለየት ለተጠቃሚው የሚያቀርቧቸውን የተጣመሙ ፊደላት ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ ነው። ቀጥሎ ያመጣው ሪካፕቻ ደግሞ በነዚያ ፊደላት ቦታ ከአሮጌ መጻሕፍትና ጋዜጦች የተወሰዱ ቃላትን አስገባ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሳያውቁት፣ ኮምፒዩተር ማንበብ ያቃተውን ጽሑፍ አነበቡለት። ጉግል ይህን ሥራ በ2009 ገዛው።

የዱዎሊንጎ የመጀመሪያ ሐሳብም ከዚሁ የተቀዳ ነበር። ተማሪው እየተማረ የድረ ገጽ ጽሑፍ ይተረጉማል፤ ትርጉሙን የሚፈልገው ድርጅት ደግሞ ለኩባንያው ይከፍላል። ሲኤንኤንና በዝፊድ በ2013 ደንበኛ ሆነው ነበር። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ሒሳቡ ይወራረድ የነበረው በተማሪው ድካም ነው። ሐሳቡ ብዙ አልቆየም፤ ኩባንያው ወደ ማስታወቂያና ወደ ደንበኝነት ክፍያ ዞረ፣ በ2021ም አክሲዮኑን በናስዳክ ለገበያ አቀረበ። የ2024 ገቢው 748 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በዚያ ዓመት መጨረሻ በወር ከ110 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር፤ ከነዚህ ውስጥ የሚከፍሉት ከ9 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ከዐሥር ተማሪ አንዱ እንኳ አይከፍልም ማለት ነው። የገቢው አብዛኛው ክፍል ግን የሚመጣው ከነዚሁ ጥቂቶች ነው። የማይከፍለው ማስታወቂያ ያያል፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ቆም እንዲል ወይም እንዲከፍል ይጠየቃል።

ይህ አሠራር በትምህርቱ ቅርጽ ላይ በግልጽ ይታያል። ማስታወቂያ የሚኖረው ተማሪው ነገም ተመልሶ ሲመጣ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ሳይቋረጥ የተጠናበት ቀን ይቆጠራል፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ቆጠራው እንዳይጠፋ የመተግበሪያው ምልክት የሆነችው አረንጓዴ ጉጉት ደጋግማ ታስታውሳለች። ይህ ጥቅም አለው። ቋንቋን ጀምሮ ማቆም የተለመደ በመሆኑ ተማሪን በየቀኑ ማስመለስ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። አዲስ ፊደል ለመለየት፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ቃላት ለመያዝ፣ የዓረፍተ ነገር አሠራርን ለመልመድ ይህን ያህል የተመቸ ነጻ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ቆጠራው የሚለካው መመላለስን ነው። ለአንድ ዓመት ሳያቋርጥ የቆየ ሰው የሰው ፊት ቆሞ መናገር ሊያቅተው ይችላል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው የተሰጡትን ቃላት በመምረጥና በመደርደር ነው። ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ወይም ከአፍ ዓረፍተ ነገር ማውጣት ሌላ ልምምድ ይጠይቃል።

አንድን ቋንቋ መቻል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለማወቅ ጥሩ መነሻ የሚሆን የቆየ መዝገብ አለ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት የውጭ አገልግሎት ተቋም በ1947 ተቋቁሞ እስካሁን በርካታ ቋንቋዎች ያስተምራል። ከዚያ ልምድ በመነሣት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስፓኒሽ ወይም ፈረንሳይኛ በሥራ ደረጃ ለመቻል ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልግ፣ አማርኛ 1100፣ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ ደግሞ እስከ 2200 ሰዓት እንደሚፈልጉ ይገምታል። ይህ የክፍል ሰዓት ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹ ቤት ገብተውም ያጠናሉ።

እንግዲህ ሒሳቡን መሥራት ነው። በቀን 15 ደቂቃ የሚያጠና ሰው በዓመት 91 ሰዓት ገደማ ያገኛል። በዚህ አካሄድ 600 ሰዓት ለመሙላት ከስድስት ዓመት ተኩል በላይ፣ 1100 ሰዓት ለመሙላት 12 ዓመት ይፈጃል። በቀን አንድ ሰዓት ያጠና ግን 1100ውን በሦስት ዓመት ይጨርሳል። «በሦስት ወር አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ይህን ቢያስታውስ ተስፋ ከመቁረጥ ይድናል፤ ብዙዎች የሚያቆሙት ሰነፍ ሆነው ሳይሆን የተነገራቸው ጊዜ ከመጀመሪያውም ውሸት ስለነበረ ነው። በተጨማሪም የኢንተርኔት ትምህርት ተማሪው እንዳይቀር በግድ የሚይዘው ነገር የለውም። የኤምአይቲና የሃርቫርድ ነጻ ኮርሶች ላይ የተደረገና በ2019 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከተመዘገቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትምህርቱን አንድ ጊዜ እንኳ እንደማይከፍቱት አሳይቷል። ኮርሶቹ የቋንቋ አይደሉም፤ ጠባዩ ግን ያው ነው።

ከማስታወቂያና ከደንበኛ ቀጥሎ ሁለተኛው ከፋይ መንግሥት ነው። አገሮች ቋንቋቸውን ለማስተማር ገንዘብ ማውጣት የጀመሩት ኢንተርኔት ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ቢቢሲ በዓለም አቀፍ አገልግሎቱ እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመረው በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። ዛሬ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» የሚባለው ዝግጅቱ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ውይይት ከነጽሑፉ፣ በነጻ ይወርዳል። የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተባለ ሥርጭት ጀመረ። ዜናው ይጻፍ የነበረው በ1500 ያህል ቃላት፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይነበብ የነበረውም ከተለመደው ፍጥነት በአንድ ሦስተኛ ያህል ዘግየት ብሎ ነው። በሬዲዮ ዘመን እንግሊዝኛን በጆሮው የለመደ ብዙ ሰው ባለውለታው ይህ ሥርጭት ነው። በኋላ ጣቢያው አና የምትባል ወጣት ወደ ዋሽንግተን መጥታ ኑሮ ስትጀምር የሚያሳይ ባለ 52 ክፍል የቪዲዮ ትምህርት ሠራ፤ ለጀማሪ ከተሠሩት ነጻ ትምህርቶች ውስጥ እጅግ ጥሩ ከሚባሉት የሚቆጠር ነው።

በመንግሥት ገንዘብ የቆመ ነገር ግን መንግሥት ሐሳቡን ሲለውጥ ይናጋል። በማርች 2025 ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጣቢያውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት እንዲቀነስ ባዘዙ ማግስት፣ ከ1300 የሚበልጡ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ገበታቸው ተነሥተው ቤታቸው እንዲቀመጡ ተደረገ። የአማርኛው ክፍል አድማጮች ይህን በቅርብ ያውቁታል። ጣቢያው ራሱ ያዘጋጃቸው ትምህርቶች ማንም ያለክፍያ ሊገለብጣቸው የሚፈቀዱ በመሆናቸው በብዙ ቦታ ተባዝተው ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ድምፅና ጽሑፍ አውርዶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ዳታ ይቆጥባል፤ ምንጩ ቢዘጋም ትምህርቱ በእጅ ይቀራል።

በመንግሥት ገንዘብ ከሚዘጋጁት መካከል የጀርመን ድምፅ ዶቼ ቬለ የሠራው ሥራ ለአገራችን ሰው በቀጥታ ይጠቅማል። ጀርመን ካለው የትዳር አጋሩ ጋር ለመኖር የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ ከ2007 ጀምሮ የጀርመንኛ የመጀመሪያ ደረጃን፣ ማለትም ኤ1 የሚባለውን፣ በፈተና ማሳየት አለበት። ደረጃዎቹ የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ካወጣው መለኪያ የመጡ ናቸው፤ ከኤ1 ተነሥተው እስከ ሲ2 ይዘልቃሉ። ዶቼ ቬለ «ኒኮስ ቬግ» የሚል ፊልም መሰል ኮርስ አለው። ኒኮ የተባለ ስፔናዊ ወጣት ጀርመን በገባ በመጀመሪያው ቀን ሻንጣው ይጠፋበታል፤ ቋንቋውን የሚማረው ሰው እየጠየቀ፣ ቤት እየፈለገ፣ ሥራ እየያዘ ነው። ኮርሱ ከኤ1 እስከ ቢ1 ይደርሳል፤ ልምምዱም ማስታወቂያ የለበትም። አዲስ አበባ ያለው የጎተ ተቋም ከ1962 ጀምሮ ጀርመንኛ እያስተማረ ነው፤ የክፍሉን ወጪ መሸፈን የማይችል ወይም ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖር ሰው በኒኮ ታሪክ መሠረቱን ጥሎ ለፈተናው ክፍያ ብቻ ሊዘጋጅ ይችላል። ለኤ1 ይህ ይሠራል። ለቢ1 ግን የሚያርም ሰው ያስፈልጋል፤ በቢ1 ፈተና ተማሪው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከሌላ ተፈታኝ ጋር ተነጋግሮ አንድ ነገር ያቅዳል፣ ይህን ደግሞ ብቻውን ተለማምዶ ማን አስተካክለህ ይበለው?

ስዊድን ደግሞ ወደ ተማሪው አንድ እርምጃ ቀርባለች። «ሌክሲን» የሚባለው በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ነጻ መዝገበ ቃላት ለስደተኞች ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ከስዊድንኛ ወደ ሶማሊኛ፣ ወደ ትግርኛና ወደ አማርኛም ይፈታል። ስቶክሆልም ወይም ጎተንበርግ የገባ አማርኛ ተናጋሪ ቃሉን በቀጥታ በራሱ ቋንቋ ያገኘዋል። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን መጀመሪያ እንግሊዝኛ መቻል አለበት።

ሦስተኛው ከፋይ በጎ ፈቃደኛ ነው። ሚሃሊስ ኤሌፍተሪዩ የተባለ ሰው «ላንጉዊጅ ትራንስፈር» በሚል ስም የድምፅ ትምህርቶችን ያለ ማስታወቂያ ያሰራጫል፤ የሚንቀሳቀሰውም ሰዎች በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ስፓኒሽ፣ ግሪክኛ፣ ስዋሂሊና የግብፅ ዓረብኛ መግቢያ አለው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠየቃል፤ አድማጩ ድምፁን አቁሞ ከዚያ ተማሪ ቀድሞ መልሱን ከአፉ ለማውጣት ይሞክራል። ጽሑፍ የለም፣ የቤት ሥራ የለም። ዓረፍተ ነገር ከራስ መገንባትን የሚያለማምድ በመሆኑ ዱዎሊንጎ የጎደለውን ይሞላል። ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው በጆሮው ሊማረው ይችላል።

ቃል በማስታወስ በኩል ደግሞ «አንኪ» አለ። ዴሚየን ኤልምስ በ2006 ያወጣው ይህ ፕሮግራም በኮምፒዩተርና በአንድሮይድ ነጻ ነው፤ የሚሸጠው በአይፎን ላይ ብቻ ነው። አይፎን የያዘው ይከፍላል፣ አንድሮይድ የያዘው ይማራል፤ በአገራችን በብዛት የሚያዘው አንድሮይድ በመሆኑ ይህ አከፋፈል ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ያደላል። ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

የአንኪን ምስጢር ለመረዳት ወደ 1885 መመለስ ያስፈልጋል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በቃሉ እያጠና መቼ እንደሚረሳቸው በራሱ ላይ ሞከረ። የተማሩት ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ በየጊዜው ከተከለሰ ግን የመርሳቱ ፍጥነት እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳየ። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ወደ ሥራ ቀየረው። ቃሉ በካርድ አንድ ገጽ ላይ ይጻፋል፣ ትርጉሙ በጀርባው። በትክክል የተመለሰው ካርድ ወደ ቀጣዩ ሳጥን ይሻገራል፤ የተሳሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ሳጥን በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ ይከለሳል። አንኪ ይህንኑ በስልክ ያሰላል። ስልክ የሌለው ተማሪ ከደብተር ወረቀት ቆርጦ በሦስት የጫማ ካርቶን ሊሠራው ይችላል፤ መርሁ አንድ ነው።

አሁን ወደ አማርኛ ተናጋሪው እንምጣ። ዱዎሊንጎ «ስታር ትሬክ» ለተባለው ፊልም የተፈጠረውን ክሊንጎንን፣ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ለተባለው ድራማ የተፈጠረውን ቫሊሪያንን ያስተምራል። ስዋሂሊንና ዙሉንም ያስተምራል። አማርኛን አያስተምርም፤ በአማርኛ አስረድቶ የሚያስተምረው ቋንቋም የለውም። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ እዚያ የለም። ሒሳቡን ለሚከፍሉት ሰዎች የአማርኛ ተማሪ ገበያ ሆኖ አልታየም፤ መልሱ ይኸው ነው። በአንጻሩ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ1964 ያዘጋጀው፣ ኢትዮጵያውያን የተሳተፉበት ባለ 50 ምዕራፍ የአማርኛ ኮርስ ከነድምፁ ዛሬም በነጻ ይገኛል። ያኔ አሜሪካ አማርኛ የሚችል ሰው ትፈልግ ስለነበር ከፈለች። ዋሽንግተንና ሲያትል የተወለዱ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ያጡ ወላጆች ይህን ስልሳ ዓመት ያለፈው ኮርስ ሲያገኙ ዐረፍተ ነገሮቹ ያረጁ ቢመስሏቸውም፣ የሰዋስው ማብራሪያው ገና ይጠቅማቸዋል።

ሌላ ቋንቋ የሚማረው አማርኛ ተናጋሪ እንግዲህ በእንግሊዝኛ በኩል መዞር አለበት። ዙሩ ድካሙን ይጨምራል፤ በተጨማሪም የተሳሳተ ግምት ያሲዛል። ኮርሶቹ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከባድ የሆነውን ከባድ ብለው፣ ቀላሉን ቀላል ብለው ነው የተዘጋጁት። የዓረብኛ ኮርስ ገና ከመግቢያው ከሦስት ተነባቢ ብዙ ቃል እንደሚወለድ እንደ ጉድ ያስረዳል። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት እያለ ያደገ ሰው ይህን ትምህርት አይፈልግም። ከተበና ክታብን ለሚያውቅ፣ የዓረቡ «ኪታብ» መጽሐፍ፣ «ካቲብ» ጸሐፊ መሆናቸው ገና ሲሰማው ይገባዋል። ዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤ ዓይን፣ ራስ፣ ቤት፣ ነፍስ ከ«ዓይን»፣ ከ«ሮሽ»፣ ከ«ባይት»ና ከ«ኔፌሽ» ጋር ዘመድ ናቸው። ወደ እስራኤል የሄደ ቤተ እስራኤላዊ ይህን ሀብት ይዞ ነው የሚገባው። ኮሪያኛም ግሡን ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባል። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው የ2200 ሰዓት ሰንጠረዥ ለአዲስ አበባ ልጅ እንዳለ አይሠራም፤ በድራማ ተስቦ ኮሪያኛ የጀመረ ወጣት ሰንጠረዡን አይቶ ሊፈራ አይገባም።

ክፍተቱን ለመሙላት በቴሌግራም፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ በአማርኛ የሚያስተምሩ መምህራን መጥተዋል። ብዙዎቹ በትጋት የሚሠሩ ናቸው፤ ተማሪው የሚሳሳትበትን ቦታ ስለሚያውቁም በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ኮርስ የማይነካውን ይነካሉ። እዚህ ከፋዩ ማስታወቂያ ወይም ከነጻው ቀጥሎ የሚመጣው የ«ቪአይፒ» ቡድን ክፍያ ነው። ሁለት ነገር መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛው ሐረግ ብቻ እየሸመደዱ መቅረት ነው። አጫጭር ቪዲዮ «በእንግሊዝኛ እንዲህ ይባላል» ብሎ ያልፋል፤ ሐረጉ ለምን እንዲያ እንደሆነ አይነግርም፤ ሌላ ዐረፍተ ነገር ለመሥራትም አያስችልም። ሁለተኛው በፊደላችን የሚጻፈው አነባበብ ነው። በእንግሊዝኛ መርከብና በግ የሚለያዩት በአናባቢያቸው ብቻ ነው፤ በፊደል ሲጻፉ ግን ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ። የጽሕፈቱን መንገድ የተከተለ ሰው ልዩነቱን ሳይሰማ ይኖራል። ፊደሉ ለመነሻ ይርዳ፤ ጆሮው ግን ቶሎ ወደ ቋንቋው ባለቤቶች ድምፅ መዞር አለበት።

መናገርን በተመለከተ በቅርቡ አንድ አዲስ መንገድ ተከፍቷል። ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ከወጣ ወዲህ ከኮምፒዩተር ጋር በጽሑፍም በድምፅም መነጋገር ተችሏል። እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ይህ የማይሰለች ተነጋጋሪ ነው፤ የሥራ ቃለ መጠይቅ አስመስሎ ይጠይቃል፣ የተጻፈውን ያርማል። በአማርኛ ሲያብራራ ግን ይስታል፤ በዚህ ላይ የተነገረውን ሁሉ ማመን አይገባም። በእንግሊዝኛ ተለማምዶ የተጠራጠሩትን ከሰው መጠየቅ የተሻለ ነው።

ይህ ሁሉ ምርጫ ባለበት፣ እጅግ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ባዶ እጃቸውን ናቸው። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ኤምሬትስና ወደ ሊባኖስ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ሴቶች ቋንቋ የሚያስፈልጋቸው ሰው ቤት በገቡበት ቀን ነው። ከነሱ አንዷ ዱዎሊንጎን ብትከፍት የመጀመሪያዋ ትምህርት የዓረብኛ ፊደል ነው፤ የሚያስተምረውም የመጽሐፍና የዜና ዓረብኛ ነው። እሱም የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው። ቤት ውስጥ የሚነገረው ሌላ ነው። «እፈልጋለሁ» ለማለት መጽሐፉ «ኡሪድ» ይላል፤ ሳዑዲ «አብጋ» ወይም «አቢ»፣ ቤይሩት «በዲ» ይባላል። «ምን» የሚለው በመጽሐፍ «ማዛ»፣ በሳዑዲ «ኤሽ»፣ በሊባኖስ «ሹ» ነው። እንዲህ ያሉት በየቀኑ ሺህ ጊዜ የሚነገሩ ቃላት ናቸው። የመጽሐፉን ዓረብኛ ብቻ ተምራ የሄደች ሴት የተማረችውን ከሰው አፍ አትሰማውም፤ የታዘዘችውን አለመረዳቷም እንደ እምቢታ ይቆጠርባታል። ይህ እዚያ ሠርተው የተመለሱ ሴቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጉዳይ ነው።

ነጻዎቹ የአማርኛ ቪዲዮዎች «የቤት ውስጥ ዓረብኛ» እያሉ ይህን ለመሸፈን ይሞክራሉ። ሆኖም ብዙዎቹ የየትኛው አገር ዓረብኛ እንደሆነ አይነግሩም፤ ቃሎቹም የዕቃና የትእዛዝ ናቸው፤ ማንኪያ፣ መጥረጊያ፣ አምጪ፣ አጥቢ። አሞኛል፣ ሐኪም ጋ ውሰዱኝ፣ ደመወዜ አልተከፈለኝም፣ ፓስፖርቴን ስጡኝ፣ ኤምባሲ ልደውል የሚሉት ሲጠፉ ይታያል። አንዲት ሴት ራሷን የምትጠብቀው በነዚህ ነው፤ ከማንኪያ በፊት መማር ያለባት እነዚህን ነው።

የጎደለው ነገር ለመሥራት የሚከብድ አይደለም። የውጭ አገር የሥራ ሥምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች ከመሄዳቸው በፊት ገለጻና ሥልጠና እንዲያገኙ ይደነግጋል። ስለዚህ የሚያስተምር ተቋም አለ፣ መምህራን አሉ። ዓመታት ሪያድ፣ ጅዳ ወይም ቤይሩት ኖረው ቋንቋውን ከቤቱ የለመዱ ተመላሾችም በየከተማው አሉ። ሦስት ቀበልኛዎችን ለይቶ፣ የሳዑዲን፣ የባሕረ ሰላጤውንና የሊባኖስን፣ በተመላሾቹ ድምፅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ እያስረዱ መቅዳት ይቻላል። ከእያንዳንዱ ሠላሳ አጫጭር የድምፅ ትምህርት ቢዘጋጅ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ሆኖ በቴሌግራም ቢለቀቅና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ፣ ተጓዧ ቪዛዋን በምትጠብቅባቸው ሳምንታት ትጨርሰዋለች። ወጪውን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ በየተጓዡ የሚጠቀሙት ኤጀንሲዎች ወይም ሁለቱም ተጋርተው ሊሸፍኑት ይገባል፤ የመጀመሪያው ትምህርትም ሰላምታ ሳይሆን የኤምባሲው ስልክ ቁጥር በዓረብኛ አቆጣጠር ይሁን።